አረፋ በዓመት አንዴ

"እትዬ ዘምዘም አረፈች" ብላ ባለቤቴ አበባ ስትደውልልኝ ሮቢት ነበርኩ፤ አንድ አልቤርጎ ውስጥ፣ ኖራ የደፈነውን የሻወር ራስ ልፈታ ስታገል። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ አይቻታለሁ እኮ! ፉል ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ባቄላ ስትለቅም "ደሳለ፣ ያቺ ቧንቧ ደግሞ አኮረፈች፤ ዘመዷ አንተ ነህና መጥተህ አነጋግራት" ብላኛለች። ነገ እመጣለሁ አልኳት።

"ታጠበች?" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ጀናዛዋ ታጠበ ወይ?"

አበባ ግራ ገባት። እንዲህ ያለ ወሬ የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን አይደለም። "ገና ናቸው" አለችኝ፤ "እህቷ ሐዋ የበርሜሉን ውሃ ልታስቀዳ ነው።"

"አስቁሚያት!"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"ደሳለ እስኪመጣ ጠብቂ በያት። በማርያም!"

መፍቻዎቼን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ አስፋልት ላይ ወጣሁ፤ ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሬሳ አያቆዩም፤ ከተጣደፉ እኔ ከመድረሴ በፊት ታጥባ ትወጣለች። እትዬ ዘምዘም ደግሞ በየትኛው ውሃ እንደምትታጠብ አደራ ትታለች። የድሮውን አደራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። በኋላ እንደለወጠችው የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ክርስቲያን የቧንቧ ሠራተኛ! ምነው ሌላ ሰው አጣሽ፣ እያልኩ ከሟች ጋር እየተጣላሁ ነው ቆቦ የደረስኩት።

ቆቦን ለማያውቅ ላስረዳ። የቧንቧችን ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ ነው። ሲቀዱት ጥርት ብሎ ዓይን ያታልላል፤ ጉዱ የሚታየው ሲፈላ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ኖራ ይጋገራል፣ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፣ ፀጉር ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ቃጫ ይቆማል፣ ነጭ ነጠላ በታጠበ ቁጥር አመድማ እየሆነ ይሄዳል። ሳሙናውንማ ተውት! ቢያሹት ቢያሹት አረፋ የለም፤ እንደ ተበላሸ ወተት ይቆራረጥና ሳፋው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ከዚሁ ኖራ ነው። የሆቴሉን ማሞቂያ ያቃጥላል፣ ቧንቧውን ያንቃል፣ ከዚያ እኔ እጠራለሁ። ስለዚህ አፌን ሞልቼ ልሰድበው አልችልም። እትዬ ዘምዘም ግን በእኔም ፈንታ ትሰድበው ነበር።

"እኛ እኮ ውሃ አይደለም የምንጠጣው" ትላለች፣ የማንቆርቆሪያዋን ቂጥ በዘነዘና እየነረተች። "ተራራ ነው። ቀልጦ ነው የሚመጣልን።" የረገፈውን ነጭ ቅርፊት በመዳፏ ይዛ ለሾፌሮቹ ታዞራለች። "እዩት! ኩላሊታችሁ ውስጥ ተሸክማችሁ የምትዞሩት ይሄን ነው። በሉ አሁን ሻያችሁን ጠጡ።" እነሱም እየሳቁ ይጠጣሉ። ፉል ቤቷ አስፋልቱ ዳር ናት፤ ስም አልነበራትም፣ "ዘምዘም ጋ" ነው የምትባለው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ቁርሱ እሷ ጋ፣ ስድቡም እሷ ጋ ነበር።

አጭር ሴት ናት፤ ስትሄድ ቶሎ ቶሎ። ቀልድ ስትናገር ራሷ አትስቅም፤ ወደ ድስቷ አጎንብሳ፣ ለባቄላው እንደምታወራ ሆና ነው ጣል የምታደርገው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት "ብቻዬን ነኝ የኔ ልጅ፣ አታብዛኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት፤ እትዬ ማለቱን ግን አልተውኩም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ የሳሙና አሻሻጭ ቤቷ ገብቶ እቃውን ያወድስላታል። አረፋው እንዲህ ነው፣ አረፋው እንዲያ ነው፣ በትንሹ ነክተሽው ሳፋ ይሞላል አላት። ፉሉን ሰጠችው፣ ዳቦውን አቀረበችለት፣ ከዚያ ወደ ድስቷ አጎነበሰች።

"ልጄ፣ ቆቦ አረፋ በዓመት አንዴ ነው" አለች። "እሱም በግ ላለው።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ያለችው በዓሉን፣ የሙስሊሙን አረፋ ነው። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ እኛን ያያል፤ ቀልዱ የገባው አውቶብስ ከተሳፈረ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ሳሙና እምቢ ባለ ቁጥር "አረፋ በዓመት አንዴ" የማይል የለም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም።

አሁን ደግሞ አስቡት፣ በዚህ ውሃ ፉል መሸጥ! ባቄላ በቧንቧችን ውሃ አይበስልም። ሲንተከተክ ይውላል፣ ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የእትዬ ዘምዘም ሀብት ከጓሮ የተደረደሩት በርሜሎች ነበሩ። በቆርቆሮው ክፈፍ ዙሪያ አሸንዳ ገጠምኩላት፤ ክረምት የጣለውን ዝናብ እዚያ ታጠራቅማለች፤ ሲያልቅባት ከተራራው ግርጌ ከምንጩ በአህያ ጋሪ ታስመጣለች። ክዳኑን የሚነካ ሰው ካለ ጣቱን ተሰናብቶ ይምጣ ትል ነበር። ለማይሆን ነገር ጠብታ አትሰጥም፤ ለአራስና ለሕፃን ገላ ከሆነ ግን ሳትጠየቅ ይዛ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ቤት ይዛ መጣች። አበባ የደጋ ልጅ ናት። አግብቻት ያመጣኋት ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ኩርፊያ ሆነ። ምስሩ አይበስልላት፣ ሽምብራው አይበስልላት፣ ያጠበችው ነጠላ አይነጣላት። እናቴ ጓዳ ጠርታኝ "ልጄ፣ ሙያ የሌላት ሴት አመጣህብኝ" አለችኝ። አበባ ደግሞ በሌላ በኩል ታለቅሳለች፤ "አባቴ ቤት እኮ ባለሙያ ነበርኩ! እጄን ምን ነካው?" ትለኛለች። እውነትም እጇን ታገላብጠዋለች፣ የሆነ ነገር የተደረገባት መስሏት። እኔ መሀላቸው ሆኜ የማደርገው ጠፋኝ።

ወሬው እንዴት እንደደረሳት አላውቅም፤ እትዬ ዘምዘም በማንቆርቆሪያ የዝናብ ውሃ ይዛ ከች አለች። እናቴ ፊት አስቀመጠችውና "ጥሩዬ፣ በዚህ ታብስል። ካልበሰለ እኔም አብሬሽ እሰድባታለሁ" አለች። አበባ ምስሩን ጣደችው። ወዲያው ፍርክስ ብሎ ቀለጠ። እትዬ ዘምዘም ክዳኑን ከፍታ አየችና "ሙያ የሌለው ቧንቧሽ ነው እንጂ ልጅቷስ አላት" አለች። እናቴ በላች፣ ሳህኑን ጠርጋ በላች፤ ሌላ የምትለው ስታጣ "ጨው አንሶታል" አለች። እስከ ዛሬ በእኛ ቤት ቧንቧው "ሙያ ቢስ" ነው የሚባለው። አበባም ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘምዘምን እንደ እናቷ ነበር የምታያት።

ከበርሜሎቹ መሀል አንዷ የተለየች ነበረች። ግድግዳው ጥግ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር የተቀመጠችው። ያቺን ለፉልም ለአራስም አትነካትም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አሮጌውን ታስደፋና አዲስ ታስሞላታለች። ውሃም መብራትም በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ሌሎቹን በርሜሎች ለጎረቤት በጆግ ስታድል ያቺን አልከፈተቻትም። ምክንያቱን የነገረችኝ አንድ ቀን አሸንዳውን ሳድስላት ነው።

"እናቴን በቧንቧው ውሃ ነው ያጠብናት" አለችኝ፤ ያን ቀን ወደ ድስት አላየችም፣ ወደ እኔ ነው ያየችው። "ድንገት ነበር፤ ጥድፊያ ነበር፤ ለጀናዛ ማጠቢያ የሚሆን የቁርቁራ ቅጠል የሚወቅጥ ጠፍቶ የቤቱን ሳሙና አነሳን። አረፋ እምቢ አለ። ተቆራርጦ ከገላዋ ላይ ተጣበቀ። ያን ነጭ ፍርፋሪ በጣቴ እየለቀምኩ ነው የሸኘኋት፣ ደሳለ። እኔን እንዲያ እንዳያደርጉኝ።"

ለዚያ ነው በርሜሏ የተቀመጠችው። ሐዋን ሰው ፊት አስምላታለች፤ "በዝናብ ውሃ፣ አረፋ እያወጣ።" ይሄ ነው ሰፈሩ የሚያውቀው አደራ።

የማያውቁትን ደግሞ ልናገር።

ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ከመካ ሲመለሱ ዘምዘም የሚባለውን የተቀደሰ የጉድጓድ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ አመጡላት። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ መካን እንደናፈቁ የሞቱ ሰው። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ያን ውሃ መቅመስ ነበር። ያን ለት እኔ ጓሮ ቧንቧዋን ፈትቼ ኖራውን እየፋቅኩ ነበር። እጇን ታጥባ፣ አዲስ ሻሽ አስራ ወጣችና ቁርቁራው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። ቢስሚላህ ብላ ተጎነጨች። ደግማ ተጎነጨች። ፊቷ ልውጥ ሲል ደነገጥኩ፤ ያመማት መሰለኝ።

"ምነው እትዬ?"

በጠርሙሱ ክዳን ቀንሳ ዘረጋችልኝ። "እንካ ቅመስ። የውሃ ሰው ነህ።"

"ኧረ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ…"

"አውቃለሁ። ቅመስ።"

ቀመስኩ። ወይ ጉድ! ምላሴ ወዲያው አወቀው። ያ ክብደቱ፣ ያቺ ጨው ጨው የምትል ነገር፣ ሲውጡት ምላስ ላይ የምትቀረው። ቀና ብዬ አየኋትና ዓይኔን ሰበርኩ።

"እ?" አለች።

"ጥሩ ነው።"

"አትዋሽ።"

"እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ…"

"ቧንቧችን ነው" አለች ቀስ ብላ።

መሳቅ ፈራሁ፤ እሷም ሳቅ አልነበራትም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "አስተግፊሩላህ! እንደሱማ የለም፤ እንደሱ አይደለም። ዘመዱ ግን ነው። አላህ ዘመዱን ደጄ ላይ አምጥቶልኝ እኔ በየቀኑ ስሰድበው! የስሜን ጣዕም ስረግም ኖርኩ እኮ፣ ደሳለ።" ተነሳችና የፈታሁትን ቧንቧ ግጠም አለችኝ። ገጠምኩላት። በመዳፏ ቀድታ ጠጣች፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ከዚያ ነው አደራውን የለወጠችው። "ስሄድ በቧንቧው እጠቡኝ" አለች። "አረፋ ባይወጣ ግድ የለም፤ የሱን ፍርፋሪ ይዤ ልሂድ። የተጣላሁት እኔ ነኝ፣ የምታረቀውም እኔ ነኝ።"

"በርሜሏስ?"

አሁን ድስቷን ፈለገች፤ ጓሮ ስለሆንን ድስት የለም፣ መሬቱን አየች። "ለለቀስተኛው ፉል ቀቅሉበት። ለስላሳ ውሃ የሚፈልገው ባቄላ ነው። እኔን ማን ያኝከኛል?"

"ለሐዋ ንገሪያታ!"

"እነግራታለሁ ኢንሻአላህ። አሁን ግን ብናገር ሰው ያጣምመዋል፤ ዘምዘምን ከቧንቧ አስተካከለች ይሉኛል። ካልደረስኩ አንተ ትነግራታለህ።"

"እኔን ማን ይሰማኛል?"

"አማና፣ አደራ ነው ያልኩህ" አለችና ገባች። ከዚያ ወዲያ ማንቆርቆሪያውን በዘነዘና አልነረተችውም፤ በማንኪያ ቀስ አድርጋ ነው የምትፍቀው። ሾፌሮቹ "ስድቡ የት ሄደ? ሻዩ ጣዕም አጣ እኮ!" ይሏታል። እሷ ወደ ድስቷ።

እንግዲህ ይሄን ተሸክሜ ነው ከሚኒባሱ ወርጄ የሮጥኩት። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሐዋ በርሜሏ አጠገብ ቆማለች፣ ጆጉን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ። አበባ ክንዷን ይዛታለች። ባለቤቴ በእኔ ቃል ብቻ፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ፣ እስክመጣ አቆይታታለች።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለችኝ ሐዋ።

"እትዬ ዘምዘም በቧንቧው ውሃ እንድትታጠብ ነው አደራ ያለችኝ።"

"በምን?" ድምጿ ግቢውን አዳረሰው። "በዚያ ኖራ? እናታችንን ያየች ልጅ? እኔን በሰው ፊት አስምላኝ? አንተ ወንድ፣ አንተ ክርስቲያን፣ እህቴን በምን እንደማጥብ ልታስተምረኝ መጣህ?"

"እውነትሽን ነው" አልኳት፣ "እኔም ይሄንኑ ብያታለሁ።" ሌላ ምን ልበል? ሰው ሁሉ ያየኛል። የሐጂ ሰይድን ጠርሙስ ነገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳላወራ አደራ አለብኝ፤ ካላወራሁ ደግሞ ሌላው አደራ ፈረሰ። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ክዳኑን፣ የቀመስነውን፣ "የስሜን ጣዕም ስረግም ኖርኩ" ያለችውን። ፊቷ አልተፈታም። ጆጉን በርሜሉ አፍ ላይ እንደያዘች ናት።

"የበርሜሉንስ ምን አድርጉ አለች?" አለችኝ፣ እንደ ፈተና።

"ለለቀስተኛው ፉል ቀቅሉበት አለች። ለስላሳ ውሃ የሚፈልገው ባቄላ ነው፣ እኔን ማን ያኝከኛል አለች።"

ሐዋ አፏን ያዘች። መጀመሪያ ልቅሶ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መጣባት። "እሷ ናት!" አለች አበባ ላይ ተደግፋ። "ወላሂ እሷ ናት! ይሄን ሌላ ሰው አይለውም።" ጆጉን አስቀመጠችና የበርሜሉን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ብከፍተው ጠብ፣ ጠብ። ትናንት አኮረፈች ያለችኝ ይሄንን ነው፤ አንገቱ በኖራ ታንቋል። መፍቻዬን አወጣሁ። ነቀልኩት፣ ነጩን ቅርፊት ፈልፍዬ አወጣሁ፣ መልሼ ገጠምኩት። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ሴቶቹ እየቀዱ ገቡ፤ አንዷ ከቁርቁራው ቅጠል ሸምጥጣ ይዛ ተከተለቻቸው። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ቆየሁ። ከዚያ ጀናዛዋ ወጣ፣ ሰገዱባት፣ ሸኘናት። ቃሬዛዋን ተራ ሲደርሰኝ ተሸክሜያለሁ። ቀላል ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ፉል ቀረበ። ባቄላው ተፈርክሶ፣ ሲነኩት የሚቀልጥ። ሾፌሮቹም መጥተዋል፤ መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር ደርድረው ገብተዋል። እንደ ወትሮው የሚቀልድ ግን አልነበረም። ዳቦዬን ቆርሼ አጠቀስኩና ጎረስኩ። የእሷን ውሃ እየበላን ነው። ስንት ክረምት ስትጠብቀው የኖረችው ውሃ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ የሚያየኝም ይየኝ ብዬ።

ሐዋ ሻይ ስታድል አጠገቤ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ደሳለ፣ አረፋ አወጣ እኮ" አለችኝ በጆሮዬ።

"ምኑ?"

"ውሃው። የቧንቧው። ሳሙና አልነካንም፤ ቁርቁራውን ወቅጠን መታነው፤ ቅጠሉ ለካ ኖራውን አይፈራም። እጄ እስኪሰወር ድረስ አረፋ ሞላ። ከላይዋ ላይ የምለቅመው ፍርፋሪ ፈልጌ አጣሁ። ንጹህ ሆና ሄደች።"

ቀና ብዬ አየኋት። "ቆቦ አረፋ በዓመት አንዴ ነው አይደል?" አልኳት።

"ዘንድሮ" አለች ሐዋ፣ ወደ ማንቆርቆሪያው አጎንብሳ፣ "ለእህቴ ሁለቴ ሆነላት።"